ከበር የተመለሰው መኪና

የሟቹ ታላቅ ወንድም ንጉሡ እንደገና ደረቱን መድቃት ሲጀምር ሰብሌ ዓይኗን ከመሬቱ አላነሳችም። ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ እጁን ያዙት። እሱ ግን «ወንድሜን፣ የጀርባዬን አጥንት» እያለ፣ እየታገላቸው ድንኳኑ መሀል ይወድቃል፣ ይነሳል። ሴቶቹ አብረውት አለቀሱ። ከቆላው አፋፍ ሽቅብ የሚመጣው ነፋስ የእድሩን ድንኳን ሸራ ያርገበግበዋል። ሰልስት ስለነበር ቆላ ያሉት ሽንኩርት አብቃዮች ሳይቀሩ ዳገቱን ወጥተው መካነ ሰላም ገብተዋል፤ መቀመጫ ያጡት ውጭ ካቡ ላይ ተደርድረዋል።

ሰብሌ፣ የሟች ሚስት፣ አላለቀሰችም። ጥቁር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ጥግ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች። ሰዉ ድንጋጤ ነው ብሎላታል። ድንጋጤ አልነበረም። አፏን ብትከፍት የሚወጣው ልቅሶ እንደማይሆን ስለምታውቅ ነው።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ንፍሮ እየቆረጠሙ ይንሾካሾኩ ነበር። አንደኛዋ ሰውን ደም የሚያስተፋው አረቄ ነው፣ ጉበት ይጨርሳል አለች። ሌላዋ ሟቹ የኋላሸት አረቄ ሲቀምስ አይታው እንደማታውቅ፣ ይልቅስ የሆነ ነገር አብልተውት እንደሚሆን ተናገረች። ማን እንዳበላው ግን አልጨመረችም። ሰብሌ ዘወር ብላ አየቻቸው። ሁለቱም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

ባሏ በሠርግና በክርስትና ለወጉ ያህል ከንፈሩን ከማስነካት በቀር መጠጥ አያውቅም ነበር። ሰካራም የተባለው ከሞተ በኋላ ነው።

ጎረቤቷ ኸዲጃ ከጎኗ ተቀምጣ እጇን ይዛለች። አልፎ አልፎ «አብሽሪ» ትላለች፤ ከዚያ ሌላ ነገር አትልም። ለዚህ ነው ሰብሌ እጇን ያልነጠቀቻት። ሌላው የሚመጣው ሁሉ ግን አጎንብሶ ቀኑ ደርሶ ነው ይላታል። የእግዜር ጥሪ ነው፣ ምን ይደረጋል ይላታል። አንገቷን እየነቀነቀች ታሳልፋቸዋለች።

ቀኑ አልደረሰም ነበር። ደሙ እንደሚቆም ሰብሌ ታውቃለች። ሲቆም በዓይኗ አይታለች።

*

የመጀመሪያው ጊዜ ያለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነበር። የኋላሸት ከቆላ፣ ከመስኖው መመለሱ ነው። ግቢው ውስጥ ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ ሲል ልቡን አጥወለወለው፤ ከዚያ ደሙ ባፉ ገንፍሎ መጣ። ሰብሌ መጀመሪያ የሰው ደም መሆኑን አላመነችም፤ እንዲያ ያለ ብዛት የምታውቀው በሬ ሲታረድ ነው። የከተማው ሆስፒታል ጉሉኮስ ሰክቶ፣ እዚህ ይህን የሚያቆም መሣሪያ የለም፣ ቶሎ ደሴ አድርሱት ብሎ ሰደዳቸው። ያደረሳቸው ሃሩን ነው። ሃሩን የኸዲጃ ወንድም ነው፤ ዓረብ አገር ሠርቶ ሲመለስ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ በዚያ ይተዳደራል። ደሴ ሲደርሱ ደም ያስፈልገዋል ሲባል እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን የዘረጋውም እሱ ነበር።

የተቀበላቸው ሐኪም አዩብ ይባላል። ወጣት ነው፤ ከወሬው ይልቅ ሥራው የሚፈጥን። በአፍ የሚገባ ካሜራ እንዳለና ደሙ ከየት እንደሚመጣ አይቶ እዚያው እንደሚያቆመው ነገራቸው። የኋላሸት ጥቁሩን ቱቦ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ወንዝ ሞልቶ ሲያገሳ ከነልብሱ የሚገባ ሰው፣ ሚስቴ ካልገባች አልተኛም አለ። ዶክተሩ ትንሽ አሰበና ለሰብሌ የፕላስቲክ ሽርጥ አስለብሶ ራስጌው አጠገብ አስቀመጣት።

ጉሮሮውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነፉለት። በግራ ጎኑ አስተኙት። ቱቦውን እንዳይነክሰው መሀሉ ክፍት የሆነ ፕላስቲክ አስነከሱት። ቱቦው ከጣት ብዙም አይወፍርም፤ ጫፉ ላይ መብራት አለው። ሲገባ የኋላሸት አንዴ አቅለሸለሸው፣ ከዚያ የሰብሌን እጅ አጥብቆ ያዘ። እሷም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የባሏን ውስጥ አየች። ቀይና እርጥብ ነው። ከጉሮሮው ግርጌ፣ ወደ ጨጓራው መግቢያ፣ ያበጡ ደም ሥሮች ተጠማዝዘው ወርደዋል። ካንደኛው ላይ ደሙ እንደ ክር ቀጥኖ ፊን እያለ ይወጣል።

ዶክተሩ የቱቦውን ጫፍ ደም ሥሩ ላይ አስጠግቶ መጠጠው። ደም ሥሩ ተስቦ ገባ። ቴሌቪዥኑ በሙሉ ቀላ። ሐኪሙ በእጁ አንድ ነገር አሽከረከረ፤ ከቱቦው ጫፍ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት ተስፈንጥራ ደም ሥሩን ከሥሩ አነቀችው። ከዚያ ውሃ ረጨበት። ሲጠራ፣ የታሰረው ደም ሥር እንደ ወይን ፍሬ ጠቁሮ ቁጭ ብሏል። ደም የለም።

«ቆመ?» አለች ሰብሌ።

«ቆመ» አላት ዶክተሩ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። ወዲያው ወደሚቀጥለው ደም ሥር አለፈ።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አስረዳት። የጨጓራ ቁስል ቢሆን ኖሮ በዚያው ቱቦ መርፌ ሰድደን እንወጋው ነበር፣ አለዚያም በትንሽ ብረት ቆንጥጠን እንይዘዋለን፣ ወይም በሙቀት እንተኩሰዋለን አላት። ይሄ ግን የደም ሥር ነው፤ የደም ሥር ይታሰራል። ምክንያቱን ስትጠይቀው መልሶ ባልሽ ምን ይሠራል አላት። መስኖ ላይ ነው የሚውለው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አለችው። ያኔ ራሱን ነቀነቀ። በውሃው ውስጥ የምትኖር ትል በቆዳ እንደምትገባ፣ ዓመት በዓመት ጉበቱን እንደ ድንጋይ እንዳጠጠረችው፣ ጉበት ሲጠጥር ደም መሄጃ አጥቶ የጉሮሮን ደም ሥሮች እንደሚያሳብጥ ነገራት። ጉበቱ ገና ሥራውን አላቆመም፤ ያበጡት ደም ሥሮች ከጠፉለት ብዙ ይኖራል አላት። ግን እየተመላለሰ መታሰር አለበት፤ እስኪጠፉ ድረስ።

ሁለት ነገር ደግሞ አስጠነቀቃት። አንደኛው፣ ደሙ እንደገና ከመጣና ራሱ ቢቆም እንኳ ቆመ ብላችሁ እንዳትቀሩ፤ ቆሞ ነው ተመልሶ የሚመጣው። ሁለተኛው፣ አብረውት ውሃ ውስጥ ያደጉት ሁሉ መመርመር አለባቸው።

ሰብሌ ይህን ለንጉሡ ነገረችው። ንጉሡ የኋላሸት ታላቅ ወንድም ነው፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የቤተሰቡ ራስ እሱ ነው። ማሳቸው አጠገብ ላጠገብ ነው፤ ያንኑ ውሃ ነው አብረው የረገጡት። ንጉሡ ሳቀ። የአባቴ ውሃ ነው፣ አባቴ በሰማንያ ዓመቱ ነው የሞተው አላት።

የኋላሸት ለሁለተኛው ቀጠሮ ሄደ፤ ታሰረለት። ለሦስተኛው ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ የሽንኩርት መትከያ ነበር፤ ሰውነቱም ተመልሶለት፣ ዳገቱን እንደ ድሮው በአንድ ትንፋሽ ይወጣ ነበር። ንጉሡም ባገኘው ቁጥር ያንን ቱቦ ተው ይለዋል። ያቆሰለህ እሱ ነው ይለዋል።

*

ከሰዓት በኋላ ወርቄ ከሪያድ ደወለች። የሰብሌና የየኋላሸት አንድ ልጃቸው ናት፤ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ አሠሪዎቿ አልለቋትም። ሰብሌ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ልጅቷ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። መንገድ ተዘግቶ ነበር ወይ አለች። አልነበረም አለቻት እናቷ። ሃሩን አልነበረም ወይ አለች። ነበረ።

«እና ለምን ደሴ አላደረሳችሁትም እማ?»

ሰብሌ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። እውነቱን ብትነግራት፣ ወርቄ ከእንግዲህ የአባቷን ወንድም ዓይን ማየት እንደማትችል ታውቃለች። ዘግይተን ነው አለቻት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ ያንን ቃል ስለተናገረች አፏን በውሃ ተጉመጠመጠች።

ባሏን ሁለተኛ ሲያመው፣ ከመሞቱ በፊት ባለው ቀን፣ ማለዳ ነበር። አልጋው ላይ እንዳለ አስታወከው፤ ያው ደም። ሰብሌ ወዲያው ሃሩን ጋ ደወለች፤ መጣሁ አላት። ባሏን ልብስ ቀየረችለት፣ ጋቢ አለበሰችው፣ ስንቅ ቢጤ ጠቀለለች። የሚኒባሱ ድምፅ በሩ ላይ ደረሰ። የወንዶች ንግግር ሰማች። ጫማውን እያጠለቀችለት ሳለ ሞተሩ እንደገና ተነሳ፤ ድምፁ ግን ወደ ውስጥ አልመጣም። ራቀ።

እየሮጠች ወጣች። ንጉሡ የቆርቆሮውን በር እየዘጋ ነበር።

«ቆሟል እኮ» አላት። «ይሄን ሰውዬ አሁን መንገድ ላይ ማንገላታት ምንድነው? ተሽሎታል ብዬ መልሼዋለሁ። ተልባ ይጠጣ፣ ይረፍ፣ ነገ ይታያል።»

ጮኸችበት። ሐኪሙ ያላትን ነገረችው። ንጉሡ ገብቶ ከወንድሙ ራስጌ ተቀመጠ። የኋላሸት ከንፈሩ ነጥቷል። ሰብሌ ባሏን ተነስ እንሂድ አለችው። እሱም አንዴ ወንድሙን፣ አንዴ እሷን አይቶ፣ ጋሼ ካለ ይሁን አላት። በልጅነቱም እንዲያው ነበር ይባላል፤ ታላቁን አይጥስም። ሃሩን ጋ ብትደውል መንገደኛ ጭኖ ወጥቷል፤ ስልኩ አይሠራም። ሌላ መኪና ስትፈልግ ዋለች፤ አላገኘችም።

በማግስቱ ሲነጋጋ ደሙ ተመለሰ። ሃሩን ሲመጣ በሩን ሰው እስኪከፍትለት አልጠበቀም። የኋላሸት፣ አቀስታ ከተማን አልፈው ወደ ጉጉፍቱ ደጋ ብርድ ሽቅብ ሲወጡ፣ ራሱን ሰብሌ ጭን ላይ እንዳደረገ ሞተ።

*

ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ፈንታሁን ቆሞ ይናገር ነበር። ፈንታሁን የቆላ ሰው ነው፤ የየኋላሸት የመስኖ ጎረቤት። የኋላሸት የውሃ አባት ነበር፤ ውሃውን ለየማሳው በተራ የሚያካፍለው እሱ ነው፤ አብቃዮቹ በድምፅ መርጠውት። ፈንታሁን አንድ የድርቅ ዓመት አነሳ። ያን ጊዜ ወንዙ ቀጥኖ፣ ለሁሉም የማይበቃ ሆኖ ነበር። ንጉሡ ተራውን አሳልፎ ሌሊት ውሃ ሲጠልፍ ተገኘ። የኋላሸት ሌሊቱን ውሃው ውስጥ ቆሞ፣ የገዛ ወንድሙን ቦይ በድንጋይ ደፍኖ፣ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ማሳ ላይ ለቀቀው። ወንድሙ ከርሞ እስኪታረቀው አላናገረውም። እሱም አላማረረም።

«እንዲያ ያለ ሰው ነው የቀበርነው» አለ ፈንታሁን። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ።

ሰብሌ ያንን ዓመት ታስታውሳለች። ሲነጋ እግሩ በውሃ ተጨማድዶ መጥቶ፣ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ነበር። ምን ሆነህ ነው ስትለው፣ ወንድሜን አዋረድኩት ማለት ነው አላት። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ፊቱ አልተፈታም። ውሃውን ሊሰጥ የሚገባው ለሴትዮዋ መሆኑን አንድም ቀን አልተጠራጠረም፤ ግን ለዚያ እንቅልፉን ከፈለ።

ፈንታሁን ሊቀመጥ ሲል ሐሳቡን ለወጠ። ወደ ሰብሌ ዘወር አለ። ሆዱን በግራ በኩል በእጁ ደግፎ ነበር የቆመው።

«እህቴ፣ በሐዘንሽ ላይ መጠየቄን ይቅር በይኝ» አለ። «እኔም ግራ ጎኔን ድንጋይ እንደያዘ ሰው ይከብደኛል። ደሴ ልሂድ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ያንን ቱቦ የከተቱበት ሰው አይድንም ይባላል። የኋላሸትንም እሱ ነው የጨረሰው ይላሉ። እውነት ነው?»

የንጉሡ አክስት እማማ የሻለም ከእሷ ቀድመው መለሱ። እውነት ነው ልጄ፣ የሰው ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ከትቶ ማን ጤና ያገኛል፣ አርፈህ ጠበልህን ተጠመቅ አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ሰብሌ ንጉሡን አየችው። አንገቱን ደፍቷል። እሱ ያወራው ወሬ ቆላ ድረስ ወርዶ፣ የሌላ ሰው ሆድ ላይ ተቀምጧል።

ሰብሌ ተነሳች። ኸዲጃ እጇን ለቀቀቻት።

«ውሸት ነው» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ቱቦው አልገደለውም። ቱቦው ያኔ ሊሞት የነበረውን ሰው ነው ዓመት ያኖረልኝ። ደሙ ሲታሰር አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ። ቀኑም አልደረሰም፤ ቀኑ ደርሶ ነው እያላችሁ አታባብሉኝ። የገደለው ደሴ ሳይሄድ መቅረቱ ነው። ሃሩን መኪናውን ይዞ ማለዳ መጥቶ ነበር። ጋሼ ንጉሡ ከበር መለሱት።»

ሃሩን ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ሲዞር ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወሏሂ እውነቷን ነው፣ ተሽሎታል ተብዬ ነው የተመለስኩት አለ።

«ፈንታሁን» አለች ሰብሌ፣ «ዛሬ ብትሄድ ዛሬ ያዩሃል።»

ንጉሡ ተነሳ። ሰው ይመልሰኛል ብሎ የጠበቀ ይመስላል፤ ማንም እጁን አልያዘውም። በድንኳኑ ጀርባ ወጥቶ ሄደ።

*

እማማ የሻለም ሰብሌን ጓዳ ድረስ ተከትለው ገብተው ገሠጿት። የቤትን ጉድ በሰው ፊት አውጥተሽ፣ ወንድማማቾችን በመቃብር ላይ አጣላሽ አሏት። ባልሽ ቢኖር ምን ይልሽ ነበር አሉ። ሰብሌ ባሌማ ቢኖር ዝም እል ነበር አለቻቸው። አሮጊቷ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወጡ።

ጥቂት ቆይቶ ብዙዬ ገባች። የንጉሡ ሚስት ናት። ሰብሌ የባሏን ጥብቅና ይዛ የመጣች መስሏት ፊቷን አዞረች። ብዙዬ ግን በሩን ገርበብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ እንዳይወጣት ነጠላዋን ነክሳ። ንጉሡ ከታመመ ቆይቷል አለች። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ሲነሳ ዓይኑ ይጨልምበታል። ለማንም ብትናገሪ ከቤቴ ትወጫለሽ ብሏታል። ከየኋላሸት ሞት በፊት ነው የጀመረው።

ሰብሌ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ይቅመሳት አለች በልቧ። ይተኛ፣ ተልባ ይጠጣ፣ ነገ ይታያል። ብዙዬ እጇን ይዛ እየለመነቻት ነበር፤ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሐኪሙንም ታውቂዋለሽ ትላለች። ሰብሌ እጇን አላቃ ተነስታ ወጣች፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ ለራሷም አልታወቃትም።

ንጉሡን ከጭድ ክምሩ ኋላ አገኘችው። ተንበርክኮ፣ አንድ እጁ ካቡን ይዟል። ከፊቱ ሣሩ ላይ ያስታወከው የቡና አተላ ይመስላል። ሰብሌ ያንን አይታ ወደ ፊቱ አየች። ሲያለቅስ የዋለ ሰው ፊት አልነበረም። የፈራ ሰው ፊት ነው።

«መኪናውን ሲመልሱ ይህ በሽታ እርስዎም ላይ እንዳለ ያውቁ ነበር?» አለችው።

ፊቱን ወደ ካቡ አዞረ።

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር ወይ?»

«አውቅ ነበር» አለ። አፉን በጋቢው ጠረገ። «የሱ ከውሃው ከሆነ የኔም ከውሃው ነው። ቱቦው ነው ካልኩ ግን የሱ ብቻ ይሆናል። እንደዚያ ነው ያሰብኩት ሰብሌ። ደሴ ሄዶ ቢድን ሁሉም አንተም ሂድ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። እዚያ ቢሞት ደግሞ የኔም መጨረሻ ያው ነው ብዬ ፈራሁ። ያን ለት በሩ ላይ ስቆም ይሞታል አላልኩም። እናቴ ትሙት፣ አላልኩም።»

ሰብሌ ድንጋይ ብታገኝ ልትወረውርበት ትችል ነበር። እግሯ ሥር ድንጋይ ሞልቶ ነበር። ባሏ ከዚህ ሰው ቃል አልወጣም ብሎ፣ ከንፈሩ ነጥቶ፣ ጋሼ ካለ ይሁን ማለቱ ፊቷ ድቅን አለባት። ይህ ሰው ደግሞ ራሱን ፈርቶ ነው። በገዛ ሆዱ ተሸብሮ ነው የወንድሙን በር የዘጋው።

ስልኳን አውጥታ ሃሩን ጋ ደወለች። መኪናውን አምጣው አለችው። ለማን ነው ሲላት ለጋሼ ንጉሡ ነው አለችው። ሃሩን እሺ እትዬ አለ።

«አልሄድም» አለ ንጉሡ። «በሰልስቱ ዕለት? ሰው ምን ይለኛል? እዚሁ ልሙት፤ የሚገባኝ እሱ ነው።»

«የሚገባዎትን እኔ አውቃለሁ» አለችው። «ግን እዚህ አይሞቱም። እርስዎ እዚህ ቢሞቱ ውሃ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ያ ፈንታሁን ሳይቀር፣ ቀኑ ደርሶ ነው ብሎ እቤቱ ይቀመጣል። ይነሱ።»

ሚኒባሱ ሲመጣ ሰዉ ከድንኳኑ ወጥቶ አጥሩን ሞላው። እማማ የሻለም በሩ ላይ ቆሙ። ሐዘንተኛ ሚስት ሰባቱ ሳይወጣ ከቤቷ እግሯ አይወጣም፣ ሌላ ሰው ይውሰደው አሉ። ሰብሌ መንገዱንና ሐኪሙን የማውቀው እኔ ነኝ አለቻቸው። አሮጊቷ አልተንቀሳቀሱም። ያኔ ሰብሌ ትከሻቸውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በቀስታ ከበሩ ላይ አነሳቻቸው።

«ከዚህ በር ሁለተኛ መኪና ባዶውን አይመለስም» አለች።

ፈንታሁን ሳይጠራ ከኋላ ወንበር ገብቶ ተቀመጠ።

*

የደሴን መንገድ ተያያዙት። የከተማው ሆስፒታል እንደ ልማዱ ለንጉሡ ጉሉኮስ ሰክቶለታል፤ ብዙዬ ከረጢቱን ከፍ አድርጋ ይዛለች። አቀስታን ሲያልፉ ሃሩን መኪናውን ቀስ አደረገ። ሰብሌ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆየች። ብርዱ መስታወቱን አጉሞታል፤ ውጭውን ለማየት አልጠረገችውም።

ደሴ ዶክተር አዩብ ገና ሲያያት አወቃት። ፈገግ ብሎ መጣና የኋላሸት እንዴት ነው፣ ቀጠሮውን ለምን ተወ አላት። ከዚያ ነጠላዋን አየ። እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«መቼ?» አላት።

ነገረችው። ስለ መኪናው አልነገረችውም። እንደገና ደማ፣ ሳንደርስ ቀረን፣ ይሄ ታላቅ ወንድሙ ነው፣ አብሮት ያደገ አለችው። ዶክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ትንሽ ቆመ። ሁለት ጊዜ ታስሮለት ነበር እኮ፣ ጥቂት ነበር የቀረው አለ፤ ለእሷ ይሁን ለራሱ አልታወቀም። ሲናገር ተቆጥቶ ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የእሷን ቁጣ የሚመስል ቁጣ ያየችው እሱ ላይ ብቻ ነው፤ በመጠኑ ቀለል አላት።

ንጉሡን ሲያስገቡት በሩ ላይ ዘወር ብሎ አያት። ወንድሙ እንዳደረገው ግቢልኝ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ አላለም። እሷም አልገባችም። ብዙዬን ሽርጥ አልብሰው አስገቧት። ሰብሌ ኮሪደሩ ላይ ከፈንታሁን ጋር ተቀመጠች። ፈንታሁን ያማል ወይ አላት። ሲገባ ያቅለሸልሻል እንጂ አያምም፣ የሰው እጅ ይዘህ ዓይንህን ጨፍን አለችው።

ዶክተሩ ሲወጣ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። አራት ቦታ አስሬዋለሁ፣ አንደኛው ሊፈነዳ ጫፉ ቀልቶ ነበር፤ ቤቱ ቢያድር ኖሮ አላውቅም አለ። ከዚያ ፈንታሁንን ስሙን ጠየቀው።

ንጉሡ አልጋ ላይ ነቅቶ ሲያገኙት ድምፁ ሰልሏል። የሚመለስበት ሳምንት ተነገረው። ጣቱን አጥፎ ቆጠረና፣ ያኔማ የወንድሜ አርባ ነው አለ።

«ለአርባው ቄሶቹ አሉ» አለች ሰብሌ። «እርስዎ እዚህ ነው የሚመጡት። ከዚያ ቀጥሎም ይመጣሉ፤ እስኪጠፋ ድረስ። እኔ ነኝ የማመጣዎት።»

ንጉሡ ዓይኑ እንባ ሞላ። እጁን ወደ ጉልበቷ ዘረጋ።

«ይቅር አልሽኝ?»

«አላልኩም» አለችው። «ልል እንደምችልም አላውቅም።»

እጁን ሰበሰበ። ብዙዬ ፊቷን ሸፈነች።

ከሰዓታት በኋላ ሃሩን ከሻይ ቤት ወተት ይዞ መጣ። ወተቱ ይፋጃል፤ ዶክተሩ ደግሞ ትኩስ ነገር ለዛሬ በጉሮሮው እንዳያልፍ ብሏል። ሰብሌ ሁለት ኩባያ ይዛ ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠች። ወተቱን ካንዱ ወደ ሌላው ትገለብጠው ጀመር። ንጉሡን አታየውም። ከፍ አድርጋ፣ በቀጭኑ፣ አረፋ እስኪያወጣ ታወርደዋለች፤ ደግሞ ትመልሰዋለች። ከንፈሯን አስነክታ ለካችው። ገና ያቃጥላል። እንደገና ገለበጠችው። ወተቱ ከኩባያው አልፎ ጣቶቿ ላይ ፈሰሰ። ብዙዬ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ ሰብሌ ግን አልሰጠቻትም። ከቀብሩ ጀምሮ ያልወረደው እንባ በጉንጯ ሲወርድ አልጠረገችውም፤ ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል፤ ወተቱም ገና አልበረደም።